ማን ሞተ? ስንተኛ ወጣሽ?

በእኛ አገር ትልቅ ሴት መንገድ ላይ ከሮጠች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ካልሆነም ቤት ተቃጥሏል፤ ካልሆነም ከብት ገደል ገብቷል። አራተኛ ምክንያት የለም። አለ ብሎ ሊያስረዳ የተነሳ ሰው እንደ እኔ ስንቱን ጠዋት በደብረ ብርሃን አስፋልት ዳር ተገትሮ፣ ላቡ ጀርባው ላይ እየቀዘቀዘ፣ «ማንም አልሞተም፤ ደህና ነኝ፤ ኧረ ማንም አልሞተም» በማለት ያሳልፋል።

ሯጭ ልሁን ብዬ አልተነሳሁም። ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ ስኳሬ ከፍ ከፍ ማለት መጀመሩን ነግራኝ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መሆኔን ነገርኳት።

«ቁጭ ብለሽ ነው የምትውዪው?»

«አዎ።»

«ቤት ስትገቢስ?»

«አነባለሁ።»

«ቁጭ ብለሽ?»

ቆሞ የሚያነብ ሰው አይታ ታውቅ እንደሆነ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። «በይ ተንቀሳቀሺ፤ በእግርሽ ሂጂ» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። እሱንም የሚፈቅድ አልተገኘም። ባጃጁ ሁሉ አጠገቤ እያቆመ «እናት፣ ግቢ እንጂ» ይላል። የሥራ ባልደረቦቼ መኪና አስቁመው «ምነው፣ ታክሲ ጠፋ?» ይሉኛል። አልጠፋም ስል ደግሞ ያዝኑልኛል። ብርዱም አለ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ደስ ይለኛል። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ጆሮውን የራሱ መሆኑን ይጠራጠራል። ስለዚህ ፈጠን አልኩ። ፈጠን ፈጠን ስል አንድ ቀን እየሮጥኩ ራሴን አገኘሁት። ታሪኩ ይኸው ነው። ሰዎች ግን በዚህ አይረኩም፤ ጀግንነት ወይም ሐዘን ካልገባበት ታሪክ አይመስላቸውም።

«ማን ሞተ?» የሚለውን ካለፍኩ ሁለተኛው ይከተላል። የስፖርት መምህራችን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰው ፊት ያዘኝ።

«ለየትኛው ነው የምትዘጋጂው?»

«ለምኑ?»

«ለውድድሩ ነዋ!»

«ውድድር የለኝም።»

«እና ለምን ትሮጫለሽ?»

«ለስኳሬ።»

«ስኳርማ በእርምጃም ይወርዳል። ሩጫ ከገባሽ ዓላማ ይኑርሽ። ሰዓትሽ ስንት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ተነስቶ አሯሯጤን ለሁሉም አሳየ፤ ክርኑን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ እጁን እንደ ወንጭፍ እያሽከረከረ። «እንዲህ እኮ ነው የምትሮጪው። እጅሽ ብቻውን ሌላ አገር ይሄዳል። ሰብሰብ አድርጊው።» ሁሉም አጨበጨበለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞ ሰኞ አንዱ ወይም ሌላው መጽሐፍ ሲመልስ፣ ገጹን አጥፎም ቢሆን፣ «እሺ፣ ስንተኛ ወጣሽ?» ይለኛል። መጽሐፉን ዘርግቼ ገጹን አቃናለሁ።

ይህ ጥያቄ ግን ለእኔ አዲስ አይደለም። ከእሱ ጋር ነው ያረጀሁት።

እናታችን ቀድማን ስለሄደች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ እላታለሁ። ቤታችን አንኮበር ነበር፤ የእሷ አሁንም እዚያው ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ተድረው ልጅ ሲያዝሉ ነው። መጀመሪያ ቀን መምህሩ በሩ ላይ አስቁመው «ልጅሽ የትኛዋ ናት?» አሉኝ። ተማሪዋ እኔ እንደሆንኩ ስነግራቸው ከወንበር ሁሉ ረጅሙን ፈልገው ከኋላ አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ ግን ከእሱም ሥር አልገባም። ፊት ለፊቴ ያሉት ሕፃናት ዞረው ዞረው ያዩኝ ነበር። አንዷማ «እንጀራ አመጣሽልኝ?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ውጤት ሲሰጥ ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። (ያኔ እሮጥ ነበር፤ ማንም «ማን ሞተ» አላለኝም።) እትዬ ገብስ እያበጠረች ነበር።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«አንደኛ!»

ሰፌዱን እንኳ አላቆመችም። «ንፍጡን ያልጠረገ ሕፃን በልጠሽ ነው እንዲህ የምትፈነጥዢው?»

በሚቀጥለው ሦስተኛ ወጣሁ። «በሕፃን ተበለጥሽ! ወይ አለማፈር!»

ይህን ጉዳይ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። አንደኛ መውጣት ውርደት፣ ሦስተኛ መውጣት ውርደት ከሆነ፣ እትዬን የሚያስደስታት ደረጃ የቱ ነው? ሁለተኛም ወጥቼ አይቻለሁ። «አንደኛው ማን ነው?» አለችኝ። ከኮሌጅ የተመረቅኩ ቀንም ጋዋኔን ሳላወልቅ «ስንተኛ?» ስትለኝ፣ «እዚያ ስንተኛ አይባልም፣ እትዬ» ብላት፣ «እንግዲያ ማወቅሽን በምን አወቁት?» አለች። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይንገራት።

እኔም ከእሷ የተሻልኩ አይደለሁም። የከተማችን ወጣት አትሌቶች እየተሰለፉ በአጠገቤ ሲያልፉ ነው ይህን ያየሁት። የእግራቸው ድምፅ ከኋላዬ ሲሰማኝ ቀና ብዬ እርምጃዬን አፈጥናለሁ፤ ሲያልፉኝ የምችል እንድመስላቸው። እነሱ «አይዞሽ እማማ!» ብለው ያልፋሉ። እማማ! ገና ጥርሴ እንኳ አልወለቀም። ደግሞስ አይዞሽ ለተጨነቀ ሰው ነው እንጂ፣ ማን ነገራቸው መጨነቄን? መታጠፊያውን ሲያልፉልኝ ጎኔን ይዤ አጥር ተደግፌ እቀራለሁ። አንድም ቀን ዞር ብለው አላዩኝም። ላላየኝ ሰው ነው ጎኔን ያስወጋሁት። መጽሐፍ ላይ ሲሆን ያልገባኝን ገጽ ገልጬ ማለፍ እችላለሁ፤ አድርጌውም አውቃለሁ። ዳገት ግን ተገልጦ አይታለፍም። ሳንባዬ ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ስንት መምሰል እንደምፈልግ አይጠይቀኝም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ አትሌቶቹ ሲመጡ ዳር ይዤ በራሴ ትንፋሽ መሄድ ጀመርኩ። «አይዞሽ እማማ» ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጥያቄ ሽሽት መንገድ ቀየርኩ። ከተማው ዳር፣ ከምዕራብ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት መጠለያ በኩል ጸጥ ያለ አቧራማ መንገድ አለ። አንድ ጠዋት በዚያ ስሮጥ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ውሃ ይጠብቁ ነበር። ከሩቅ አዩኝ። «ማን ሞተ?» ያለኝ አልነበረም። ከፊት የነበረችው ሴት ጀሪካኗን ጣለች፤ አጠገቧ የነበረውን ሕፃን አነሳችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ሁሉም ከእኔ ኋላ፣ የመጣሁበትን መንገድ አዩ። እኔን አይደለም ያዩት። የሚያባርረኝን ነው የፈለጉት።

ቆምኩ። «ምንም የለም። ስፖርት ነው» አልኳቸው። ቃሉ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ።

«ስፖርት» አለች ሴቲቱ። ሕፃኑን ወዲያው አላወረደችውም። «እኛ ሩጫ የምናውቀው በአንድ ነገር ነው።» ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን አነሳች። «እህቴ፣ በዚህ ስታልፊ ከሩቅ እጅሽን ከፍ አድርጊና ሰላም ነው በይ። ያኔ እናውቅሻለን።»

ስለ ሩጫ ከተሰጠኝ ምክር ሁሉ ሳላጉረመርም የተቀበልኩት ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ የትም ይሁን የት፣ ገና ከሩቁ እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ቀረ። ጣጣ ይዞብኝ እንደሚመጣ ያኔ ማን ያውቃል።

የእትዬ የሚካኤል ማኅበር ተራ ደረሰ። በየዓመቱ ተራዋ ሲሆን እሄዳለሁ። የዘንድሮው ግን ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። መኪናው አንኮበር ሳይደርስ፣ ሜዳው ሊያልቅ ሲል እወርድና ቀሪውን መንገድ እስከ በሯ ድረስ እሮጠዋለሁ። አንዴም ሳልቆም። ካርድ አይደለም፣ ወረቀት አይደለም፤ በሯ ላይ ቆማ በዓይኗ ታየኛለች። ስንተኛ ልትል አትችልም፤ ሌላ ሰው የለማ! አንዴም ሳልቆም ያልኩት ደግሞ፣ መሮጥ ከጀመርኩ ጀምሮ ሰው ሳያስቆመኝ የጨረስኩት አንድም መንገድ ስላልነበረ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለስፖርት መምህሩ ብቻ። እሱም ምስጢር እንደማይችል የታወቀ ነው።

እትዬ አንድ ልጅ ብቻ አላት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሲሆን የሚኖረው እኔ ጋ ነው። ያን ጠዋት ትቼው ስወጣ ተኝቶ ነበር፤ «ለእማዬ ሰላም በይልኝ» አለ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ።

ሚኒባሱ ውስጥ መጽሐፌን ገለጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት፣ አሊዩ አምባ የሚነግዱ ሴት፣ መጽሐፍ መግለጥ ማለት አናግሩኝ ማለት ሳይመስላቸው አልቀረም። ወዴት ነው? አንኮበር። ማን ጋ? እህቴ ጋ። እህትሽ ማን ናት? የት ሰፈር? ሁሉንም መለስኩ፤ ካልመለሱ አያልቅማ። እህቴን በስም አወቋት። «እሷማ ቅቤ ከእኔ ነው የምትገዛው!» አሉ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ስልኬ ጮኸ። የስፖርት መምህሩ ነው። «ዛሬ ነው አይደል? ጉልበትሽን ቆጥቢ! መጀመሪያ ላይ እንዳትፈጥኚ! ውሃ ያዝሽ?» ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እሺ… እሺ… በቃ ገባኝ… እሺ» አልኩና ስልኩን ጨርሶ ዘጋሁት፤ ማንም እንዳያስቆመኝ። ከዚያ ቦታው ደርሶ ነበርና «ወራጅ አለ!» አልኩ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ረዳቱ በመስኮት አየ። ውጭ ገብስና ጭጋግ ነው ያለው።

«እዚህ? ማዘር፣ እዚህ እኮ ምንም የለም።»

«አውቃለሁ። አውርደኝ።»

ወረድኩ። ክርኑ ላይ ያልተቀደደ አንድ የስፖርት ሹራብ ነው ያለኝ፤ ጥቁር ነው። ነጠላዬን እንዳይበርብኝ ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ ታጠቅሁት። ነጠላ ሳልይዝ ማኅበር አልገባም፤ ተሸክሜውም አልሮጥም። ሌላ ምን ላድርገው? ነጋዴዋ ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ያ ረቢ! አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ለዳገት ትዕግሥት መለመን ተገቢ ነው ብዬ «አሜን» አልኩና መሮጥ ጀመርኩ።

መኪናው ወዲያው አልሄደም። በሩን ከፍቶ አጠገቤ እየተንፏቀቀ፣ ረዳቱ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ይለምነኛል።

«ማዘር፣ በናትሽ ግቢ! በዚህ ሁኔታ በእግርሽ አትደርሺም!»

«ሂዱ! እኔ እመጣለሁ!»

«ብቻዋንማ አትተዋት!» አለ አንዱ ከውስጥ።

«ሂዱ አልኩ እኮ! ተዉኝ!» ጮህኩ። ሄዱ።

ዛሬ ሳስበው ፍጹም ግልጽ ነው። አንዲት ሴት ስልክ ተደወለላት፤ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» አለች፤ መቀመጥ አቅቷት ሜዳ ላይ ከመኪና ወረደች፤ በጥቁር ልብስ ላይ ነጠላ ታጥቃ እየጮኸች ወደ እህቷ ቤት ሮጠች። እኔም መኪናው ውስጥ ብሆን አለቅስ ነበር። ያኔ ግን ያሰብኩት ስለ ትንፋሼ ብቻ ነው።

መንገዱ ጥሩ ነበር፤ ይህን ልመስክር። ጭጋጉ ከቆላው እየተነሳ ገደሉን ሞልቶት፣ የሰማይ ዳር እግሬ ሥር ያለ ይመስል ነበር። በጎች መንገድ ዘግተው ነበር፤ በቦታዬ እያሶመሶምኩ እስኪያልፉ ጠበቅሁ፤ ያ መቆም አይባልም። የእርከን ድንጋይ የሚያነሱ አንድ ሽማግሌ አየሁና እንደ ልማዴ ከሩቅ እጄን አነሳሁ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሰላም ነው አባባ!» ብዬ አለፍኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑልኝ። የሚያዝንልኝ ሰው ለምጃለሁ፤ ቁም ነገር አላልኩትም።

ዳገቱ መጣ። አልፈጠንኩም። ማንም አልነበረም የምፈጥንለት። ጉልበቴ አጉረመረመ፤ አጉረምርም አልኩት። ሳሌን ዋጥኩ። ታች ወርጄ፣ መታጠፊያውን ዞሬ የአንኮበር ቆርቆሮዎች ሲታዩኝ በሕይወቴ ውስጥ ከተሰጠኝ ካርድ ሁሉ የበለጠ ነገር በእጄ እንዳለ ተሰማኝ።

ከዚያ ሰዎቹን አየኋቸው። ከእትዬ ሰፈር ብዙ ነጭ ነጠላ ወደ እኔ ይመጣል። ማኅበርተኞቹ! ነጋዴዋ ሴትዮ እየሮጥኩ መሆኔን ነግረዋት፣ ሊቀበሉኝ ወጡ ማለት ነው! እትዬ ሰው ይዛ ልትቀበለኝ ወጣች! ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

በዚያ ቅጽበት ለቅሶው ፈነዳ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ነጋዴዋ ሴትዮ የራሳቸውን መንገድ ትተው አንኮበር ወርደዋል። ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸውና መርዶ በቀጥታ ለባለቤቱ እንደማይነገር ያውቃሉ፤ ጎረቤት ጠርተው «እህቷ እየሮጠች እየመጣች ነው፣ አላህ ያጽናት» ብለው ነገሩ። ጎረቤትም ለጎረቤት ነገረ። ማን እንደሞተ ግን ማንም አልጠየቀም። የነገረው ሰው ያውቃል ብሎ ሁሉም አሰበ፤ ጠይቆ ማናዘዝ ደግሞ ነውር ነው። ማንም ሳያውቅ፣ ሁሉም አውቆ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የእትዬ ግቢ ተሰበሰቡ። አንዷ ንፍሮ ጣደች። እትዬ ጠላ ልትቀዳ ብቅ ስትል ግቢው ሞልቷል። የነጠላውን አለባበስ አየች። ስልኬን ደወለች፤ ዝግ ነው። የልጇን ደወለች፤ አይነሳም።

ከሰዎቹ መሃል አንድ ሰው ተነጥሎ ሮጠ። እትዬ ናት። ጉልበቴ፣ ወገቤ እያለች ቤተ ክርስቲያን እንኳ በምርኩዝ የምትሄደው እትዬ፣ ምርኩዟን ጥላ ዳገቱን ወደ እኔ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ክርኗ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ እጇ እንደ ወንጭፍ እየዞረ። የስፖርት መምህሩ ያሾፈበትን እጅ ከማን እንደወረስኩት ያን ቀን አየሁ።

«ልጄ ነው?» አለች ገና ሳትደርስ። «ልጄ ነው? ልጄ ነው?»

እኔ ላለመቆም በቦታዬ እየዘለልኩ ነበር። አዎ፣ እንዲያ ነበርኩ። «ማንም አልሞተም እትዬ!»

«አትዋሺኝ! ልጄ የት ነው?»

«ተኝቷል! ትቼው ስመጣ ተኝቶ ነበር!»

አየችኝ። ሹራቤን፣ ነጠላዬን፣ ጫማዬን አየች። «ታዲያ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትሮጪው?»

«እየሮጥኩ ነው… እንዲሁ። አንቺ ጋ ልምጣ ብዬ።»

«እንዲሁ?» አለች። ከዚያ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች፤ አይገባላትም።

ቆምኩ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ፣ በሯ እየታየኝ፣ ቆምኩ። ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። «በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እትዬ። ቀስ ብለሽ በአፍሽ አውጪ። እንደገና።» እየተቆጣችኝ ተነፈሰች። ሰዉ ደርሶ ከበበን። ማንም እንዳልሞተ ብንነግራቸውም አንዷ ሴትዮ ለቅሶዋን ልታቆም አልቻለችም፤ አንዴ የጀመሩት ለቅሶ ለመቆም ጊዜ ይፈልጋል። ሙሾ አውራጇም ግጥሟን ጀምራ ነበር፤ ማን እንደሞተ ስላላወቀች ለማንም እንዲሆን አድርጋ ነው የገጠመችው። ጥሩ ግጥም ነበር፤ ባክኖ ቀረ።

የማኅበሩ ቄስ ሰዉን ከፍለው ገቡ። «ውድድር ነው እንዴ፣ ልጄ? ስንተኛ ወጣሽ?»

ያኔ ነው የመረረኝ። «ብቻዬን ነው የሮጥኩት፣ አባ!»

«እንግዲያስ አንደኛም መጨረሻም አንቺ ነሽ» አሉና ያለ አንዳች ፌዝ ባረኩኝ።

እትዬ ትንፋሿ ተመለሰ። የመጀመሪያ ቃሏ «እስከዚህ ሰዓት ነው የሚተኛው?» ነበር። ሁለተኛው ለእኔ ነው። «የት ድረስ ነበር የምትሮጪው?»

«እስከ በርሽ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይጎልትሻል? ይህን ሁሉ ሕዝብ አስለቅሰሽ መሃል መንገድ ላይ ልትተዪው ነው? ተነሺና ጨርሺ!»

«ቆሜያለሁ እኮ፣ እትዬ። አንዴ ከቆምኩ አይቆጠርም።»

«ማን ነው የማይቆጥረው?»

የሰዉን ፊት ተራ በተራ አየሁ። ማንም እየቆጠረ አልነበረም። እትዬ ራሷ፣ የካርዱ ባለቤት፣ መቁጠሪያዋን የት እንደጣለችው እግዜር ይወቅ። በዚያ መንገድ ላይ ሒሳብ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተነሳሁ። እግሬ እንደ ግንድ ደርቋል። ብርድ ጀርባዬን ይዞታል። በዚያ ሁኔታ፣ የአንድ ቀበሌ ለቀስተኛ ከኋላዬ እየተከተለኝ፣ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዝኩ ሮጥኩ። ሕፃናት እየሳቁ ቀደሙኝ። ከኋላ እትዬ የሰው ክንድ ተደግፋ ትጮኻለች፦ «እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ! ሰው ያያል!» እጄን አልሰበሰብኩም። የእሷው እጅ ነው፤ ምን ላድርገው።

በሯ ላይ ስደርስ የሚያየኝ አልነበረም። ሁሉም ከኋላዬ ነው። ግቢው ውስጥ ንፍሮው ብቻ ይንተከተካል። የተመኘሁት እሷ በሩ ላይ ቆማ ስደርስ እንድታየኝ ነበር፤ የሆነው ግን እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሷ ስትደርስ ማየቴ ነው። ቀስ ብላ፣ እየተራገመች፣ ከሁሉም ኋላ ደረሰች።

«ስንተኛ ወጣሽ፣ እትዬ?»

«ዝም በይና ነጠላሽን ከወገብሽ ፍቺ!»

ማኅበሩ እንደምንም ተጠጣ። ንፍሮውን ግን ምን እንደምናደርገው ጭቅጭቅ ተነሳ። የሞተ ሳይኖር የለቅሶ ንፍሮ አይበላም፣ ሟርት ነው፣ ለወፍ ይበተን አሉ አንዲት አሮጊት። እትዬ ድስቱን ራሷ አወጣች። «ስንዴው ምን አጠፋ?» አለችና በእፍኟ ዘግና ሰጠችኝ። ባቄላው ገና ልቡ አልበሰለም ነበር። ሁሉንም በላሁት። እንዲህ ርቦኝ አያውቅም።

ወሬው ግን በዚያው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሷል። እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ስሮጥ የማላውቀው ሰው ከመንገድ ዳር «እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ አስረዳ ነበር። ማንም አልሞተም፤ ስኳር ነው፤ እህቴ ደህና ናት፤ ልጇም ደህና ነው፣ እንዲያውም አሁንም ተኝቷል። አሁን እጄን ከፍ አደርጋለሁ፤ «አሜን» እላለሁ፤ አልቆምም።